ቁልፉ ያላጠፋው ሞተር

አንጀሊና የልብስ ዘንቢሏን በራሷ ላይ ተሸክማ ወደ ባሮ ዳርቻ ስትወርድ መጀመሪያ የሰማችው የሞተር ድምፅ ነበር። ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነው። አንድ ነጭ ፒካፕ አፍንጫውን ወደ ውሃው አድርጎ ቆሟል። የሾፌሩ በር ገርበብ ብሏል፤ ሰው ግን የለበትም፤ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ እየታጠበ ይሆናል ብላ ፊቷን ልታዞር ስትል፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ በግንባሩ የተደፋ ሰው አየች። ዘንቢሏን እዚያው ጥላ ወደ ከተማ ሮጠች።

መርማሪ አጅዋንግ ስትደርስም ሞተሩ አልጠፋም ነበር።

አጅዋንግ የጋምቤላ ልጅ ናት፤ አኙዋ። ሰንዳፋ ፖሊስ ኮሌጅ ተምራ ወደ አገሯ የተመለሰች፣ በክልሉ ፖሊስ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት መርማሪ። ዘመኑ 1987 ዓ.ም. ነው፤ ክልሉ ራሱን ማስተዳደር ከጀመረ ብዙም አልቆየም። ቢሮዎቹ ወንበር ሲገኝላቸው ጠረጴዛ ይጎድላቸዋል፤ ሹም ሁሉ ለማን ያደላ ይሆን እየተባለ በዐይን ይመዘናል። እሷም ይህን ስለምታውቅ ከመናገሯ በፊት ደጋግማ ማየት ልማዷ ሆኗል።

ሁለት ፖሊሶች ሬሳውን ወደ አሸዋው አወጡት። ሟቹን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። አብኔር ነው፤ ከደጋ መጥቶ ጋምቤላ ላይ ትዳር የያዘ፣ በያጅም ሾፌርም የሆነ ሰው። ጭንቅላቱ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል።

አጅዋንግ ዳርቻውን ወደ ላይም ወደ ታችም ተመለከተች። አሸዋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሣር። ሰው ተንሸራቶ ራሱን የሚመታበት ድንጋይ በአካባቢው የለም። ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው ጀርባዋን ሰጥታ የሟቹን የሸሚዝ ኪስ ዳበሰች። ጣቷ ብረት ነካ። አወጣችው፤ የመኪና ቁልፍ ነው።

ቀና ብላ ፒካፑን አየችው። ሄዳ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች። የቁልፉ ቀዳዳ ባዶ ነው። ሞተሩ ግን ይሠራል።

«ሰዉን ወደ ኋላ አርቁልኝ፤» አለች ቀስ ብላ፤ «ቦትንም ጥሩልኝ።»

ቦት ረጅም፣ ቁጥብ የኑዌር ተወላጅ ነው፤ ከገበያው ጀርባ ጋራዥ አለው። ሬሳውን አየ። ከዚያ ወደ ፒካፑ ሄደ፤ እጁን ከመሪው ሥር ሰደደና አንዲት ሽቦ ሳበ። ሞተሩ ተንገጫግጮ ጸጥ አለ። የወንዙ ድምፅ ያኔ ተሰማ።

«ያለ ቁልፍ እንዴት ሠራ?» አለችው።

«ናፍጣ ነው። ቁልፍ ለማስነሣት ነው። አንዴ ከተነሣ ቁልፍ አይሰማም።» አማርኛው አጭር አጭር ነው። «የፒካፑ ሞተር ቤንዚን ነበር፤ ተቃጠለ። አብኔር ይህን አሮጌ የናፍጣ ሞተር ገዛ። እኔ ገጠምኩት። ድሮ በነበረበት መኪና ላይ በቁልፍ የሚያጠፋው ዕቃ ነበረው። ወደ እኔ ሲመጣ ዕቃው የለም። ሽቦ አደረግሁለት። ሽቦውን ስትስቢ ናፍጣው ይዘጋል።»

«ለማስነሣትስ?»

«መጀመሪያ ይህችን ትጫኛለሽ፤» አለ፤ ከመሪው በስተግራ የተገጠመችውን የቤት ደወል መጫኛ እያሳያት። «ትንሽ ትቆያለሽ። ሞተሩ ውስጡ ይሞቃል። ከዚያ ቁልፍ። ጠዋት ሳይሞቅ አይነሣም።»

«ይህን ማን ማን ያውቃል?»

«መጀመሪያ ያስነሣነው ትናንት ከሰዓት ነው። እዚያ የነበረ ሰው ያውቃል።»

አጅዋንግ ቁልፉን በመሐረቧ ጠቀለለችው። «ቁልፉ መኪናው ላይ እንዳልነበረ ለማንም እንዳትናገር። ለሚስትህም ቢሆን።»

«እሺ፤» አለ ቦት።

የጤና ባለሙያው ቃል ከቀትር በፊት ደረሰ። ሰውዬው ውሃ አልጠጣም፤ ወደ ወንዙ ሲገባ ሞቶ ነበር። ቁስሉ ውስጥም የብረት ዝገት ተገኝቷል። አለቃዋ ግን ሐሳቡ ሁሉ ገበያው ላይ ነበር።

«ወሬው ኦባንግን ይዟል፤» አላት። «የመኪናው ሸሪክ እሱ ነው፤ ባለፈው ሰሞን ሰው እያየ ከአብኔር ጋር ተጨቃጭቀዋል። ጎረምሶች እየተሰበሰቡ ነው። ኦባንግ ደግሞ የአንቺ ወገን ነው። ብትተዪው ደበቀችው ይባላል፤ ብታስሪው የሱ ሰዎች ይነሣሉ። ሰምጦ ሞተ ብለን ብንዘጋውስ?»

«ሳይሰምጥ?»

አለቃዋ በመስኮቱ ወደ ገበያው ተመለከተ።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ ስድስት ሰዓት።»

«እስከዚያ ይስጡኝ።»

የአብኔር ሚስት ሊድያ በለቀስተኛ መካከል ተቀምጣለች። አጅዋንግ ወደ ጓዳ ይዛት ገብታ ሰሌን ላይ አብራት ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ስለ ትናንቱ ንገሪኝ።»

«ምሳ ይዤለት ጋራዥ ሄድኩ። ሞተሩ ሲነሣ እንደ ሕፃን ዘለለ። በኋላ ‹የምታጠፊው አንቺ ነሽ› ብሎ እጄን ይዞ ሽቦውን አሳበኝ።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ማታ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ገባ። እህል አልቀመሰም። ‹አልማዜ እስከ ዛሬ ጥቁር አልለበሰችም አይደል?› አለኝ። ምን አስታወሰህ ስለው ፊቱን አዞረ።»

«አልማዜ ማናት?»

«የታላቅ ወንድሙ የታደሰ ሚስት። ታደሰ ሾፌር ነበር። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲወድቅ በዲማ መንገድ ከነመኪናው ጠፋ። ወደ ሱዳን ተሻገረ አሉን። አልማዜ ይመጣል ብላ ትጠብቀዋለች፤ ልቅሶም አልተቀመጠችለት።»

«ዛሬ ሳይነጋስ አብኔር ምን ብሎ ወጣ?»

«‹አንድ ሰው ላነጋግር ነው› አለኝ። ማንን ስለው ‹ስመለስ እነግርሻለሁ› አለ።»

ኦባንግን ያገኘችው ደጃፉ ላይ ነው። ከመንገዱ ማዶ ዱላ የያዙ ጎረምሶች ተደርድረው ያዩታል። እሱ እነሱን ላለማየት የዓሣ መረቡ ላይ አቀርቅሯል። ሲያያት በአኙዋ ቋንቋ ሊያናግራት ጀመረ፤ እሷ ግን ማዶ ያሉት እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ መለሰችለት።

«ከአብኔር ጋር ተጣልተሃል?»

«ተጣልቻለሁ። እሱ በዲማ መንገድ እንሥራ ይላል፤ እኔ በኢታንግ እላለሁ። ያ መንገድ ወንድምህን የበላ መንገድ ነው፤ ለምን ትወደዋለህ አልኩት። ተቆጣ። በማግስቱ ታረቅን።»

«ትናንት ጋራዥ ነበርክ?»

«ዘግይቼ ደረስኩ። ሞተሩ ይሠራ ነበር። ሊድያ ስታጠፋው አየሁ። እንዴት እንደሚነሣ ዛሬ ሊያሳየኝ ነበር።» መረቡን ከጭኑ ላይ አነሣው። «አንቺም ታስሪኛለሽ?»

«ገና አላውቅም፤» አለችው። እውነቷን ነበር። ሁለት ፖሊሶች ደጃፉ ላይ አቆመች፤ እሱን ይጠብቁት ወይስ ከእሱ ይጠብቁ፣ ጎረምሶቹም ኦባንግም እንደየልባቸው ተረጎሙት።

ከዚያ ፒካፑ ወደ ተወሰደበት ወደ ቦት ጋራዥ ሄደች። ቦት ኮፈኑን ከፍቶላት የሠራውን ሁሉ አሳያት። አሮጌው ሞተር በዕድሜ ከፒካፑ ይበልጣል፤ መቀመጫው አልገጥም ብሎ አዲስ እግር ተበይዶለታል፤ ራዲያተሩም ወደ ፊት ተገፍቷል። አጅዋንግ ጎንበስ አለች። በሞተሩ ብሎክ ጎን ላይ፣ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ፣ ጣት የሚያህል ቢጫ መስመር ይታያል። ጫፉ ወደ ቀይ ያደላል።

«ይህስ?»

«ድሮ የተሰነጠቀ ነው። የሆነ ሰው በነሐስ ደፍኖታል። ቀለም ሸፍኖት ነበር፤ ትናንት ሞተሩ ሲሞቅ ተላጠ። ካጠፋነው በኋላ አብኔር በጨርቅ ጠረገው። ጣቱን እንዲህ አስኬደበት። ከዚያ ዝም አለ። እኔ በሥራዬ የተቆጣ መሰለኝ።»

«ምንም አልተናገረም?»

«‹ጥዑመልሳን ሞተሩን ከየት አመጣው?› አለኝ። አላውቅም አልኩት።» ቦት ከፒካፑ ሥር ወዳለው ጥቁር ጠብታ ጠቆመ። «ዘይቱን የሚይዘው ጓርኒሲዮን አርጅቷል፤ በቆመበት ሁሉ ዘይት ያንጠባጥባል። ዛሬ ልቀይርለት ነበር።»

ጥዑመልሳን ሞተሩን ለአብኔር የሸጠው የአሮጌ ብረት ነጋዴ ነው። ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ ንግግሩ የሰከነ፣ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚጠይቅ፣ ዕድርተኛው የሚያከብረው ሰው። አጅዋንግን ከግቢው በር ተቀብሎ በእጁ ወንበር አቀረበላት።

«የኔ እህት፣ ደክሞሻል። ውሃ ላስመጣልሽ?»

«አይቸገሩ፣ አቶ ጥዑመልሳን። ሞተሩን ከየት አገኙት?»

«ዲማ ወርቅ ሲቆፍሩ የነበሩ ሰዎች ጥለውት ከሄዱት ዕቃ ጋር የመጣ ነው። እኔ ብረት እሸጣለሁ እንጂ ስለ መኪና አላውቅም።»

«ትናንት ሲነሣ ነበሩ?»

«ነበርኩ እንጂ። ቦት ያችን ደወል ተጭኖ ሲያስነሣው ደስ ብሎኝ አብኔርን ጨበጥኩት። የዕድር ስብሰባ ስለነበረብኝ ወዲያው ወጣሁ። ድምፁ እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ።»

«ከዚያ ወዲህ መኪናውን አይተውታል?»

«አላየሁትም። ዛሬ እንኳ ልቤ አልችል ብሎ ወደ ወንዙ አልወረድኩም። ምስኪን፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ለመታጠብ እንደ ወረደ ቀረ ይላሉ።»

አጅዋንግ ግቢውን ቃኘች። በሩ አጠገብ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ አሸዋ ተበትኗል። «አሸዋ አለበሱት?»

«አቧራው አስቸግሮን ነው።»

ስትወጣ የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ መስላ አሸዋው ላይ ቁጢጥ አለች። ጣቷን ሰደደች። ወደ መንገድ ወጥታ ስታየው ጣቷ ጥቁር ቅባት ሆኗል። ዘይት ግን ዘይት ነው፤ የብረት ነጋዴ ግቢ ውስጥ ቢገኝ ማንን ይገርማል? ሌላ ነገር ያስፈልጋታል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከቀብሩ በፊት፣ ሁሉንም ቦት ጋራዥ ጠራቻቸው። ሊድያ ጥቁር ለብሳ መጣች፤ ከጎኗ አልማዜ አለች፤ ለምን እንደተጠራች ያልገባት፣ ቀጭን፣ ጠይም ሴት። ኦባንግ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። አለቃዋ ግድግዳ ተደግፏል። ከአጥሩ ውጭ ሰዉ ጢም ብሏል፤ ጉምጉምታው ይሰማል። ጥዑመልሳን ሊድያን አጽናንቶ ከፒካፑ አጠገብ ቆመ።

«እስቲ አስነሣው፤» አለች አጅዋንግ ቦትን።

ቦት ደወሏን ተጭኖ ቆየና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። ቦት ወረደ። አጅዋንግ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ማንም አልሰማትም።

«አቶ ጥዑመልሳን፣» አለች ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፤ «እርስዎ ለበሩ ቀረብ ብለዋል። ጩኸቱ አላነጋግር አለን፤ ይግቡና ያጥፉልኝ።»

ጥዑመልሳን ገባ። ቁልፉ ከፊቱ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እጁ ወደዚያ አልሄደም። ከመሪው ሥር ገባ፤ ዳበሰ፤ ወደ ቀኝ ዞረ፤ እንደገና ጎንበስ ብሎ ፈለገ። አጅዋንግ ራሷን ነቅንቃ ለቦት ምልክት ሰጠችው። ቦት እጁን አሾልኮ ሽቦውን ሳበ።

ሞተሩ ጠፋ።

«ቁልፉ ፊትዎ ነበር፤» አለች። «ለምን አልነኩትም?»

«አይ… በቁልፍ እንደማይጠፋ…» አለና ቆመ።

«እንደማይጠፋ ማን ነገረዎት?»

«ሰው ሲያወራ ሰማሁ።»

«ሰው የሚያወራው አብኔር ሳያጠፋው ወረደ እያለ ነው። ትናንት እርስዎም ለእኔ ያሉኝ ይህንኑ ነው። ቁልፉ ግን መኪናው ላይ አልነበረም፤ ከሟቹ ኪስ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን የምናውቅ እኔና ቦት፣ ሦስተኛውም እዚያ ያስቀመጠው ሰው ነው።»

አጅዋንግ ወደ ሌሎቹ ዞረች። ድምፅዋን ከአጥሩ ውጭ ላሉትም እንዲሰማ ከፍ አደረገችው።

«አብኔር ከውሃ በፊት ሞቷል። ቁስሉ ውስጥ ዝገት ነበር፤ ዳርቻው ግን አሸዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ተገድሎ በራሱ መኪና ወንዝ ወረደ። የነዳው ሰው ለመታጠብ ወርዶ የወደቀ እንዲመስል ፈለገ። ወንዝ የሚወርድ ሰው መኪናውን አጥፍቶ ቁልፉን ይይዛል፤ እሱም ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተለት። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ልብስ አጣቢዋ ስትወርድ ሲያይ ትቶት ሸሸ። አያችሁ፣ ይህ ሰው ማስነሣት ያውቃል፤ ማጥፋት አያውቅም። ቦትና ሊድያ ሁለቱንም ያውቃሉ። ኦባንግ ሲነሣ አላየም፤ ሲጠፋ ግን አይቷል። እሱ ቢሆን ሽቦውን ስቦ በሄደ ነበር። ሲነሣ አይቶ ሳይጠፋ የሄደ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሲጠፋ ያላየ ንጹሕ ሰው ደግሞ አጥፋ ሲሉት ቁልፉን ያዞራል። ይህን ቁልፍ አዙሮ እንደማይሠራ ያየ ሰው ነው የማይነካው።»

«ይህ ነገር መፍተል ነው፤» አለ ጥዑመልሳን። ድምፁ ግን ደርቋል። «አብኔርን የምገድልበት ምን ምክንያት አለኝ?»

«እሱን ሊድያ ትነግረናለች።» አጅዋንግ ኮፈኑን ከፈተች። «እህቴ፣ ነይ ተመልከችው።»

ሊድያ ቀረበች። መጀመሪያ ምን እንደምታይ አልገባትም። ከዚያ ቢጫው መስመር ላይ እጇን አኖረች፤ ጣቷ ቀይ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ አልማዜ ዞረች።

«ይህ የጥይት ቀለሃ ነው፤» አለች። «የብየዳ ዘንግ በጠፋበት ጊዜ አብኔር ቀለሃ አቅልጦ የታደሰን ሞተር ደፈነለት። የለቀምኩለት እኔ ነኝ። ቀለሃው አልበቃ ሲለው ጫፉን በመዳብ ሽቦ ጨረሰው። ይህ ሞተር የታደሰ ነው።»

ከአጥሩ ውጭ ያለው ጉምጉምታ ቆመ።

«ታደሰ ወደ ሱዳን ከነመኪናው ተሻገረ ተባለ፤» አለች አጅዋንግ፤ «ሞተሩ ግን አልተሻገረም። አብኔር ይህን ያወቀው የራሱን ብየዳ ሲያይ ነው። ለዚህ ነው ማታ ስለ አልማዜ የጠየቀው። ሳይነጋ ሊያነጋግረው የሄደውም የሸጠለትን ሰው ነው። ፒካፑ ጓርኒሲዮኑ ያረጀ ስለሆነ በቆመበት ዘይት ይጥላል፤ አቶ ጥዑመልሳን ግቢ ውስጥም ጥሏል። አሸዋ የለበሰው ያ ቦታ ብቻ ነው።»

አለቃዋ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ፒካፑ በር ሄደ። ጥዑመልሳን ሁለት እጁን መሪው ላይ አኑሮ ተቀምጧል፤ አይክድም፤ አያምንምም።

ያኔ አልማዜ ከሊድያ ጎን ወጣች። ቀስ ብላ ተራምዳ በመስኮቱ በኩል አጠገቡ ቆመች። አላለቀሰችም፤ አልረገመችውም።

«የት ነው ያለው?» አለችው።

ጥዑመልሳን ቀና ብሎ አያት። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው፣ ፖሊሶቹ፣ አጅዋንግ ያላደረጉትን ይህች አንዲት ጥያቄ አደረገችው።

«በዲማ መንገድ፣» አለ፤ «ሁለተኛውን ድልድይ አልፎ በግራ፣ ትልቁ ዋርካ ሥር። በዚያ ግርግር አሳፍረኝ አልኩት፤ አሳፈረኝ። ከዚያ መኪናውን ስጠኝ፣ ልሽሽበት አልኩት። እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ መኪናውን እየፈታሁ ሸጥኩት። ሞተሩ የመጨረሻው ነበር።» ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «አብኔርም እንዳንቺው ነው የጠየቀኝ። ‹ወንድሜን የት አደረግኸው?› አለ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረም። ጀርባውን ሲሰጠኝ በብረት መታሁት።»

አብኔር በዚያው ቀን በስድስት ሰዓት ተቀበረ። ትናንት ዱላ ይዘው የነበሩት ጎረምሶች አካፋውን ከኦባንግ ተቀብለው ሊቆፍሩ ቢመጡ እሱ አልሰጣቸውም፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ለአንደኛው ለቀቀለት።

ፖሊስ ዲማ የሚያደርስ መኪና አልነበረውምና በማግስቱ የሄዱት በዚያው ፒካፕ ነው። ኦባንግ ነዳ፤ ቦት ዘይቱን ሊጠብቅ አብሮ ሄደ። አልማዜ ከፊት ተቀመጠች፤ ሊድያና አጅዋንግ ከኋላ ከፖሊሶቹ ጋር። መንገዱን ሙሉ ማንም ብዙ አልተናገረም። አልማዜ መዳፏን ከፊቷ ባለው ብረት ላይ እንዳኖረች፣ የሞተሩ ንዝረት ክንዷን እየነቀነቀው ነበር።

ሁለተኛውን ድልድይ አለፉ። ዋርካው ሥር ቆፈሩ። ጥልቅ አልነበረም። መጀመሪያ የወጣው የቆዳ ቀበቶ ነው፤ አልማዜ ዘለበቱን ስታይ «የሱ ነው» አለች፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አጅዋንግ የቃል መቀበያ ወረቀቷን ከቦርሳዋ ልታወጣ ጀምራ መልሳ ከተተችው። ሄዳ ከአልማዜ አጠገብ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። አልማዜ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ልቅሶዋን ለቀቀችው፤ ዋርካው ላይ የነበሩት ወፎች እስኪነሡ ድረስ። አራት ዓመት የዘገየ ልቅሶ ነበርና ማንም ይብቃሽ አላላትም።